አፏ የማይጠራው ቃል

በቴሬክ-ሱ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር የተማረ ልጅ የትም ቢሄድ ይታወቃል። ያቺን በጠረጴዛ ላይ በመዳፍ የምትገፋውን ዕቃ ኪርጊዝ ሁሉ በቋንቋው «አይጥ» ሲላት የቴሬክ-ሱ ልጅ «ጅራታሟ» ይላታል። ዋና ከተማዋ ቢሽኬክ ሄደው ዩኒቨርሲቲ የገቡት በዚህ ቃል ስንት ጊዜ ተስቆባቸዋል። አሁንማ ገመድ የሌላቸው መጥተው ጅራት የሚባል ነገር ቀርቷል፤ ልጆቹ ግን ዛሬም «ኤጄ፣ ጅራታሟ ባትሪ ጨረሰች» እያሉ ይጮኻሉ፤ ኤጄ እንደ እትዬ ያለ የአክብሮት ጥሪ ነው።

ጥፋቱ፣ ጥፋት ከተባለ፣ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ የሳይራካን ነው። የባሏ አባት ስማቸው ችችካንባይ ነው፤ ችችካን ደግሞ አይጥ ማለት ነው። ምራት የባሏን አባት ስም አፏ ላይ አታደርግም። ስሙን ብቻ ሳይሆን የስሙን ዘመድ አዝማድ ሁሉ ትሸሻለች። ይቺ ሴት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ጎተራ የገባችውን አይጥ «ዱቄት ሌባ»፣ ኮምፒውተር አጠገብ የተኛችውን «ጅራታሟ» እያለች ኖራለች። የዛሬ ሙሽሮች ይህን ልማድ እንደ ጭቃ ጫማ በር ላይ አውልቀውት ነው የሚገቡት። እሷ አላወለቀችውም። ሞኝነት ነው የሚል ካለ ይበል፤ እኔ በበኩሌ የዚያን ሞኝነት ጉልበት ካየሁ ወዲህ እጄን በአፌ ጭኜ ቀርቻለሁ።

ከተራራው ማዶ ተድራ የመጣችው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። በሠርጉ ማግሥት የባሏ እናት ከሙሽራዋ መጋረጃ ኋላ ጠርታ አስቀመጠቻት። ሊጥ የሚዳመጥበት ሰሌዳ ዱቄት ተነስንሶበት ከፊታቸው ነበረ።

«የባልሽን አባት ስም ሰምተሻል» አለቻት።

ሳይራካን ራሷን ነቀነቀች።

«እሱ ክዳኑ ነው። ከሥሩ ሌላ አለ።»

ከዚያ ታሪኩን አጫወተቻት። ከእሳቸው በፊት አምስት ሕፃናት ተወልደው አምስቱም ሞተዋል። ስድስተኛው ሲወለድ ሞት ንቆት እንዲያልፍ አይጥ አሉት፤ ሰው የሚፈልግ ሞት ለአይጥ ምን ሥራ አለው? ሙላው፣ የመንደሩ ሼኽ፣ ግን እውነተኛውን ስም በጆሮው ጠራለት። ያን ስም ከዚያ ወዲያ የምትጠራው እናቱ ብቻ ነበረች፤ እሷም ሰው በሌለበት፣ ጆሮው ላይ ተጠግታ። ለምራቷ ነግራ ሞተች። አሁን ደግሞ ተራው የሳይራካን ሆነ።

«እኔ አንድ ቀን ጠርቼው አላውቅም፤ አንቺም አትጠሪውም» አለች የባሏ እናት። «ለልጆቼም አልነገርኳቸው፤ ወንድ ልጅ ሲሰክር ይለፈልፋል። አንቺ ግን እወቂው። የማያውቁትን ነገር አይጠብቁትም።»

ይህን ብላ በጣቷ ዱቄቱ ላይ ጻፈችው። ሳይራካን አንብባ ቀና ስትል በመዳፏ ደመሰሰችው። ሊጡንም በዚያው ላይ ዳመጡትና ሲበስል ለእንግዳ ቀረበ።

እንግዲህ ይህን በልቧ ይዛ ነው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ምድጃ አንዳጅ ሆና የተቀጠረችው። በበረዷማው የናሪን ክረምት ምድጃ ማንደድ ቀልድ አይደለም። ጎህ ሳይቀድ የድንጋይ ከሰል በባልዲ ተሸክማ ዐሥራ ሁለት ምድጃ ታቀጣጥላለች፤ ልጆቹ ሲገቡ ግድግዳው ሞቆ ይቆያቸዋል። ዐሥራ አራት ዓመት እንዲህ ሠራች። ኮምፒውተሮቹ ሲመጡ ብርድ አይወዱም ተባለና ክፍላቸውን ለብቻው እንድታሞቅ ቁልፉ ለእሷ ተሰጠ። ሊያስተምር የተላከው ጎረምሳ በሁለት ወሩ ወደ ሩሲያ ኮበለለ። ርዕሰ መምህሩ ኤሺምኩል ራሱን እያከከ፣ «ሳይራ፣ ሰው እስኪገኝ ድረስ ክፍሉ አንቺ ጋ ይቆይ» አላት። ያ «እስኪገኝ ድረስ» ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነው። እሷም እሳቱን እያነደደች የመመሪያውን መጽሐፍ ገጽ በገጽ ጨረሰችው፤ ያልገባትን ከልጆቹ ጠየቀች፤ ልጆቹ ያልገባቸውን ደግሞ እሷ ደረሰችበት። በከሰል የጠቆረ ጣት እነዚያን ፊደሎች እንደዚያ ሲለቅም ያላየ ሰው አያምንም። አጀብ ነው!

ቤት ውስጥ ግን አጀብ ያላት የለም። ባሏ ቤይሼን ክረምቱን ሁሉ በጎቹ ጋ ነው፤ ሽማግሌው ደግሞ ምስጋና ከአፋቸው የሚወጣ ሰው አይደሉም። «እንደ እንቁላል የምታሞቂያቸው ሳጥኖች ዛሬም አልተፈለፈሉም?» ይሏታል ከሥራ ስትገባ፤ ቀልዳቸው ያቺው አንዷ ነች። እሷ ጎንበስ ብላ እጅ ትነሳና ሻያቸውን ትቀዳለች።

የዛሬ ሦስት ዓመት በመስከረም ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት አንድ ወረቀት መጣ፤ የኮምፒውተርና የኢንተርኔት አጠቃቀም ደንብ። ዐሥራ አንድ ገጽ፣ ሠላሳ አንድ አንቀጽ፣ ከታች ማኅተምና ፊርማ። እንዲህ ያለ ወረቀት ምን እንደሚደረግ ማን ያጣዋል? ይፈረምበታል፣ መሳቢያ ይገባል፣ አቧራ ይጠጣል። ኤሺምኩልም እንደ አገሩ ፈረመ። ሳይራካን ግን ወሰደችና በምድጃው ዳር ሦስት ቀን አነበበችው።

«ባይኬ፣ ይሄን አንብበውታል?» አለችው በአራተኛው ቀን፤ ባይኬ እንደ ጋሼ ነው።

«ፈርሜበታለሁ።»

«መፈረምዎንማ አየሁ።»

«እና ምን ጎደለ?»

«በጣም ትልቅ ነገር ነው የተጻፈው» አለች፤ ድምፅዋ እንደ መንቀጥቀጥ ብሎ ነበር ይላል ኤሺምኩል። «የልጅ ጽሑፍ የልጁ ነው ይላል። ማንም ገብቶ አያይበትም ይላል። ባይኬ፣ እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።»

ወላጆች ይሰብሰቡልኝ አለች፤ ተሰበሰቡ። አንቀጽ በአንቀጽ አነበበችላቸው፤ አራት ሰዓት ፈጀ። ሽማግሌዎቹ አጉረመረሙ፣ ሴቶቹ አዛጉ፣ የወጣ ግን የለም፤ ውጭው ከወዲሁ በረዶ ነበር፣ እሳቱም ያለው እሷ ጋ ነው። አንቀጽ ዐሥራ ሦስት ላይ «አይጥ» የሚል ቃል ሲገጥማት «ጅራታሟን ይዞ መውጣት ክልክል ነው» ብላ አለፈችና ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። ሰባተኛው አንቀጽ ላይ ግን ቆም ብላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ማንም ሰው የይለፍ ቃሉን ለሌላ፣ ሹምም ይሁን ዘመድ፣ አይናገርም። ዘጠነኛውንም እንዲሁ። የክፍሉ ኃላፊ ያለ ወላጅ ፈቃድ የተማሪን የግል መዝገብ አይከፍትም፣ አያስከፍትም። 

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለየዓመቱ አዲስ ተማሪ የምትሰጠው ምክር አንድ ነው። «የይለፍ ቃል ስትመርጡ አፋችሁ ሊያወጣው የማይችለውን ቃል ምረጡ።» ሴቶቹ ልጆች ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ይቀላል። ግማሾቹ የየትኛውን ጎረምሳ ስም እንዳደረጉት እግዜር ይወቀው። የሁለት መቶ ዐሥሩ ልጅ መዝገብ የሚገኘው ደግሞ ዋናው ኮምፒውተር ውስጥ ነው፤ እሱን የሚከፍተው ቃል የሳይራካን ብቻ ነው።

ጣጣው የመጣው ባለፈው ጥር ነው። በወረዳው ያሉ ትምህርት ቤቶች በሙሉ ኢንተርኔት ገባላቸው ተብሎ በቴሌቪዥን ተለፈፈ። በሳምንቱ አንድ ደብዳቤ በኢንተርኔት ተልኮ ቢሽኬክ ሚኒስቴሩ ደረሰ። «ከወንዙ በታች ባሉት ሦስት ትምህርት ቤቶች ኮምፒውተሩ ገና ከካርቶኑ አልወጣም። ያክስቴ ልጆች እዚያ ስለሚማሩ አውቃለሁ። ውሸቱን አርሙት። ከቴሬክ-ሱ አንድ ተማሪ።» ይኸው ነው፤ ስም የለው። ከቢሽኬክ ወደ ወረዳው ተደወለ፤ ወረዳው ተንጫጫ።

ዐርብ ከሰዓት በኋላ የጽሕፈት ቤቱ ሹም ኑርዶሎት በመኪና መጣ። ሠላሳ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ጫማው በረዶ የማያውቅ ሰው ነው። ልጆቹ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ኤሺምኩል ፊቱ አመድ መስሎ ከኋላው ተከትሎ ገባ።

«ኤጄ፣ እንደምን ዋሉ» አለ ሹሙ በጨዋ ደንብ። «ትንሽ ጉዳይ ነው። ባለፈው ሳምንት ከዚህ ክፍል ማን ምን እንደጻፈ ማየት ፈልጌ ነው። ዋናውን ይክፈቱልኝ።»

«የወላጅ ፈቃድ ይዘዋል?»

«የማን ወላጅ? ማን እንደሆነ ለማወቅ አይደል የመጣሁት!»

«ሲገኝ ምን ሊሆን ነው?» አለች ሳይራካን።

«ይባረራል። በግንቦት ፈተና አይቀመጥም፤ ሌላውም ይማርበታል።»

እሷ የምድጃውን በር ከፍታ ከሰሉን ቆሰቆሰችና ዘጋችው። አንድ ልጅ፤ የማን እንደሆነ አታውቅም። ሦስተኛው ወንበር ላይ እየተቀመጠ እሷን በማስመሰል የሚያሾፍባት ያ ባለጌ ሊሆን ይችላል። በረዶ ሰንጥቃ ስድስት ኪሎ ሜትር የምትመጣው ዝምተኛዋም ልትሆን ትችላለች። ዐሥራ አንድ ዓመት ተምሮ በግንቦት ደጅ የሚቆም ልጅ ታያት።

«አልከፍትም» አለች።

«እንግዲያው ቃሉን ይንገሩኝና እኔ እከፍታለሁ።»

«አንቀጽ ሰባት አይፈቅድም።»

ሰውየው ሳቀ። «እሱን ደንብ እኮ የፈረምኩት እኔ ነኝ!»

«አውቃለሁ። ፊርማዎ ከታች አለ። ስለዚህ ነው የምጠብቀው።»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። እርስዎ ማለትም ቀረ። «ስሚ አንቺ፣ ሰኞ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ። ከሰል ተሸካሚ መሆንሽን የማላውቅ መሰለሽ?»

«ከሰሉንም ቢሆን በደንብ ነው የምሸከመው» አለች፤ ድርቅ ብላ።

ባለሙያ ከከተማ ማስመጣት ይችል ነበር፤ ለዚያ ግን ወረቀት መጻፍ አለበት፣ ወረቀቱ ቢሽኬክ ይደርሳል፣ ቢሽኬክም ለምን ብሎ ይጠይቃል። ድምፅ ሳይሰማ ነበር የፈለገው። ይህን ጊዜ ነው ኤሺምኩል፣ ክፉ ሰው ሆኖ ሳይሆን ፈሪ ሆኖ፣ የማይባለውን ያለው። «አፋችሁ የማያወጣውን ቃል ምረጡ ትላቸዋለች ልጆቹን» አለ መሬት መሬት እያየ። «እና የሳይራ አፍ የማያወጣው ቃል... መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።»

ሹሙ ቁጭ ብሎ «ችችካን» ብሎ ጻፈ። እምቢ አለ። «ችችካንባይ» አለ። አሁንም እምቢ። አንድ ሙከራ ቀረው፤ ከሦስተኛው በኋላ ይቆለፋል።

ሳይራካን ግድግዳ ግድግዳውን ታይ ነበር። ኤሺምኩል ግንባሩን መታ አደረገ። «ቆይ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ አይጥነቱ ክዳኑ ነው ትል ነበር። የጆሮ ስም አላቸው፤ ሽማግሌው ራሳቸው ናቸው የሚያውቁት።»

ያኔ ነው ቀለሟ ጥፍት ያለው። ኑርዶሎት አየውና ብድግ አለ።

ወደ ሽማግሌው ቤት በመኪና ሄዱ። እሷ ከኋላ ተቀምጣ የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌው ምንም አያውቁም፣ እንግዳ ከጠየቃቸው በየዋህነት ይናገራሉ። ምራት ደግሞ ከባሏ አባት ፊት የእንግዳን ቃል አትቆርጥም፤ ሐሰተኛ ነህ ብላ አትጮህም። ዕድሜዋን ሁሉ የጠበቀችው ልማድ አሁን አፏን ሊዘጋባት ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ልማዱን ጠላችው።

ሽማግሌው ከላይኛው መቀመጫ፣ በስጋጃው ላይ፣ ጉልበታቸውን በፀጉር ካፖርት ሸፍነው ተቀምጠዋል። ሰማንያ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። እንግዳ በማየታቸው ደስ አላቸው፤ ዳቦ ይቆረስ፣ ሻይ ይቀዳ አሉ። ኑርዶሎት እጃቸውን በሁለት እጁ ይዞ ደህንነታቸውን፣ የበጎቻቸውን ደህንነት ጠየቀና «አታ»፣ አባት፣ እያለ ወደ ነገሩ ገባ።

«አታ፣ የወረዳውን አዛውንቶች ስም እየመዘገብን ነው። ለክብር ነው። የመዝገቡን አለን፤ የጆሮ ስም ላላቸው ደግሞ እሱንም እንጽፋለን።»

«ለክብር?» አሉ ሽማግሌው፤ ፊታቸው በራ። «የጆሮ ስም የሚጠይቅ መንግሥት መጣ? ደግ ነው፣ ደግ ነው...»

ሳይራካን ማንቆርቆሪያውን ይዛ ተንበረከከች። በእኛ ዘንድ ለወደዱት እንግዳ ሻይ የሚቀዳው ከፒያላው፣ እጀታ ከሌለው የሻይ ሲኒ፣ ግማሽ እንኳ ሳይደርስ ነው፤ ደጋግሞ እንዲቀዳለት፣ እንዲቆይ። እሷ ለርዕሰ መምህሩ ትንሽ ቀዳች። የሹሙን ፒያላ አነሳችና ቀዳች፤ አሁንም ቀዳች፤ እስከ ከንፈሩ ሞልቶ ሊፈስ ሲል አቆመች። በሁለት እጇ አድርጋ አቀረበችለት።

ጠጣና ሂድ ማለት ነው።

ሽማግሌው ፒያላውን አዩ። እሷን አዩ። ይቺ ሴት በዚህ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሻይ ስትቀዳ፣ ዕዳ ጠያቂ መጣ፣ ሰካራም መጣ፣ የተጣላ ጎረቤት መጣ፣ ሙሉ ፒያላ ለማንም ሰጥታ አታውቅም። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ እያለ ሄደ።

«ልጄ» አሉ ለሹሙ፤ «አሁን እውነቱን ንገረኝ። ምን ፈልገህ መጣህ?»

ሹሙ አፉን ሳይከፍት ኤሺምኩል ተሰበረ። ሁሉንም ዘረገፈው፤ ደብዳቤውን፣ ልጁን፣ ደንቡን፣ ዋናውን ኮምፒውተር፣ ሁለቱን ሙከራ። ሽማግሌው ጆሯቸውን ወደሱ አዘንብለው ጨርሰው ሰሙ።

«ቆይ፣ ቆይ» አሉ በመጨረሻ። «የልጆቹን ሁሉ በር የዘጋችው በኔ ስም ነው?»

«እንደዚያ ይመስለናል አታ።»

«ልጁ ማነው?» አሉ ወደ ሳይራካን ዞረው።

«አላውቅም፣ አታ። አላየሁም።»

«ከፍተሽ ማየት አትችይም?»

«እችላለሁ። አይፈቀድም።»

ኤሺምኩል እንደሚያወራው፣ በሕይወቱ እንደዚያች ደቂቃ አፍሮም ተደንቆም አያውቅም። እሱ የመሰለው አንድ የምታውቀውንና የምትወደውን ልጅ የምትሸሽግ ነበር። እሷ ግን ያቺን ሁሉ መከራ የምትቀበለው ማን እንደሆነ ለማታውቀው ልጅ ነበር፤ ወረቀት ላይ ለተጻፈ ቃል፣ ጻፊዎቹ እንኳ ላላመኑት።

«አታ፣ የመንግሥት ጉዳይ ነው» አለ ኑርዶሎት።

«የመንግሥት ከሆነ መንግሥት ስሜን ያውቃል። ፓስፖርቴ ላይ አይጥ ብሎ ጽፎልኛል።» ሽማግሌው ወደፊት ጎንበስ አሉ። «ስማኝ ልጄ። በዚያኛው ስም የምትጠራኝ እናቴ ነበረች። ከሞተች ሰባ አንድ ዓመት ሆነ። ሚስቴ ሳትጠራው ኖራ ሞተች። አሁን በዚህ ምድር ላይ የምናውቀው ሁለት ነን፤ እኔና ይቺ። እኔ እንኳ አንዳንዴ ይጠፋኛል፣ ሳስታውሰው እደነግጣለሁ። እሷ ሠላሳ አንድ ዓመት በጥርሷ ይዛዋለች። እኔ ዛሬ በአንድ ፒያላ ሻይ ላውጣው?» ዘወር አሉ። «ሻይህ ይቀዘቅዛል።»

ኑርዶሎት ሻዩን ሳይጠጣ ወጣ። ሰኞ የስንብት ደብዳቤ ሊጽፍ ተቀምጦ ነበር አሉ፤ «ምክንያት» ከሚለው ቦታ ሲደርስ «አንቀጽ ሰባትን ስላከበረች» ከማለት በቀር የሚጽፈው አጣ። ወረቀቱን ቀደደው። ደብዳቤውን የጻፈው ልጅ በግንቦት ከሌሎቹ ጋር ለፈተና ተቀመጠ፤ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ግን ይህ በኋላ የሆነ ነው። ያን ዕለት፣ እንግዶቹ ሲወጡ፣ ሳይራካን ከሥራዋ የተባረረች መስሏት ፒያላዎቹን ትሰበስብ ነበር።

«ተዪው» አሉ ሽማግሌው። «ነይ እዚህ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች።

«ጥሪኝ።»

«አታ?»

«በዚያኛው። አንድ ጊዜ። ልማዱን እኔ ራሴ አንስቼልሻለሁ። ከመሞቴ በፊት ከሰው አፍ ልስማው።»

እኒህ ሰው በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ነገር ለምነዋት አያውቁም፤ ማዘዝ እንጂ። እንባዋ መጣ። እሱን ዋጥ አድርጋ፣ «አልችልም፣ አታ» አለች።

«ፈቀድኩልሽ እኮ አልኩ!»

«እርስዎ ፈቀዱ። ደንቡ አልፈቀደም። የሁለት መቶ ዐሥር ልጅ በር የተዘጋበት ቃል ነው፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ።»

«እኔ ለማን አወራዋለሁ? ለበጎቹ?»

«ለማንም። ግን ሹምም ይሁን ዘመድ ይላል። እርስዎ ደግሞ ዘመድ ነዎት።»

ሽማግሌው አፋቸውን ከፍተው አዩዋት። «ጉድ ነው!» አሉ። «የገዛ ስሜን ከለከለችኝ!» ሊስቁ ይሁን ሊያለቅሱ አልለየላቸውም።

«አንድ ሰዓት ይስጡኝ» አለች ሳይራካን፤ ካፖርቷንም ደረበች።

በረዶው እየረገፈ ነበር። ትምህርት ቤቱ ድረስ በእግሯ ሄደች። ምድጃው ገና ትኩስ ነው። ዋናው ኮምፒውተር ፊት ተቀምጣ በጠቆረው ጣቷ ያን ስም ለመጨረሻ ጊዜ ፊደል በፊደል ለቀመችው፤ በሩ ተከፈተ። የማንንም ልጅ መዝገብ አልነካችም። የይለፍ ቃል መቀየሪያውን አወጣችና ሌላ ቃል አስገባች። ምን እንደሆነ እኛ አናውቅም፤ አንጠይቅምም። ቆለፈች፣ ቁልፉን ኪሷ ከተተች፣ በመጣችበት ዱካ ተመለሰች።

ስትገባ ሽማግሌው ከተወቻቸው ቦታ አልተነሱም። ዓይናቸውን ጨፍነዋል፤ የተኙ መስሏት ደነገጠች። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ በረዶው ትከሻዋ ላይ እንዳለ፣ አጠገባቸው ተንበረከከች። ወደ ጆሯቸው ተጠጋችና አፏ ጠርቶት የማያውቀውን ስም ቀስ ብላ ጠራችው።

ሽማግሌው ዓይናቸውን አልከፈቱም።

«አቤት፣ እማ» አሉ።